ነጥቦቹ የተገናኙበት ቤት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ...

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ቢሮ ቁጭ ብያለሁ።

ሥራዬ ካርታ ነው። ቲቢ የያዛቸው ሕፃናት የት የት እንዳሉ ኮምፒውተር ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ሕፃን ቲቢ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ከሚያስል አዋቂ ነው። እኛም የምንፈልገው ያንን ሰው ነው።

ነጥቦቹ ግን ለዶሮ እንደተበተነ ጥሬ የትም ናቸው። ከልጆቹ ቤት በአንዱም የሚያስል አዋቂ አልተገኘም።

"የሚያድሩበትን እኮ ነው ነጥብ የምታደርጊው" አለችኝ አብራኝ የምትሠራው ነርስ። "የሚውሉበትስ?"

ክው አልኩ። እንዴት እስከዛሬ ሳላስበው ቀረሁ?

ወላጆቻቸው ጋ እየደወልን፣ ከየነጥቡ ልጁ ወደሚውልበት መስመር ሳብኩ።

መስመሮቹ በሙሉ አንድ ቤት ላይ ገጠሙ።

የአክስቴ ቤት... የሰው ልጆች እየተቀበለች ቀን ቀን የምታውልበት። የኔም ሚጡ የምትውለው እዚያው ነው።

ልጄን፣ ልጄን እያልኩ በረርኩ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

"አክስቴ፣ እዚህ ቤት ማን ነው የሚያስለው?"

"ማንም የለም፣ የኔ ልጅ። እኔ እንደሆንኩ ባለፈው ወር ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ።"

ቤቱ ጭጭ ብሏል። ያ ሁሉ ሕፃን እያለ... ጸጥታው አላማረኝም።

ልጆቹ ጓዳው በር ላይ ተኮልኩለዋል። ሚጡ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች።

"እማ፣ ቀስ..." አለች በሹክሹክታ። "ጋሼ ተኝተዋል።"

"የትኛው ጋሼ?"

"የሚያስሉት።"

አክስቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ክፍሉ ከዓመታት በፊት ባሏ ሲያስል ከርሞ የሞተበት ነው። ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

መቀነቷ ላይ የታሰረውን ቁልፍ ነጥቄ ከፈትኩት።

አልጋ... አቧራ... ሰው የለም።

ተመስገን ልል ስል መስኮቱን አየሁት። የተዘጋው መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የሰው ትንፋሽ እንደ ጉም አርፎበታል።

ይሰፋል... ይጠባል።

ይሰፋል... ይጠባል።

ሚጡን አፈፍ አድርጌ አቀፍኳት። ጠዋት ደህና ነበረች፣ እኔው ነኝ አልብሼ ያመጣኋት።

እቅፌ ውስጥ አንዴ አሳለች።

መስታወቱ ላይ የነበረው ትንፋሽ ቀስ እያለ ደረቀ... ተመልሶም አልመጣም።