ያልታየው ማተብ

እቴናት ውዱ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው የተባለ ሰሞን፣ በግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ከእህሉ ዋጋ ይልቅ የእሷ ወሬ ደመቀ። በሒሳብ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ የኖረች ልጅ ናት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና በነፃ ሊሰጣት ሲቀበላት፣ ሌላው ቢቀር እናቷ እልል ይላሉ ብላ ነበር። እናቷ ዓይናቸውን ወደ አባቷ መለሱ። አባቷ አቶ ውዱ ግን ከመደቡ ተነሡ።

«ካቶሊክ? ዘር ማንዘርሽ የተጠመቀበትን ትተሽ?»

«አባ፣ መምህርነት ልማር ነው እንጂ ልጠመቅ አይደለም።»

«ማተብሽን ፈትተሽ ከመጣሽ እዚህ ደጅ እንዳትደርሺ!»

«ሳልፈታ ብመጣስ?»

አቶ ውዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። እሷም መልስ ሳትጠብቅ በማግስቱ ሄደች።

የካቲት ሲገባ ለማስተማር ልምምድ ዳንግላ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበች። አንድ እሑድ፣ አባቷ እንዳኮረፉ ቢሆኑም፣ ወላጆቿን ጠይቃ በሚኒባስ ስትመለስ፣ ጉልበቷ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ለሰኞ ያዘጋጀችውን ሥዕል ታይ ነበር። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ አንድ ወጣት የአፕል ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ታቅፎ ገባ። ሾፌሩ ድንገት ሲነሣ ልጁ ተንገዳገደ፤ የጆንያው ጭቃ በሙሉ ወረቀቱ ላይ ተዘረገፈ።

«ውይ በሞትኩት! ምን አበላሸሁ?»

«የነገ ትምህርቴን» አለች እቴናት፣ ፊቷ እሳት መስሎ።

ልጁ ሊጠርግ ሲሞክር ይባስ ቀባው። ከዚያ ጭቃው መሐል ያለውን መስመር ትኩር ብሎ አየና፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ተዳፋት። አንድ መስመር ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚለካበት።»

«እኔ እኮ ስተክል የምኖረው ተዳፋት ላይ ነው። የሚለካ መሆኑን ማን ነገረኝ!»

እሷም ሳታስበው ማስረዳት ጀመረች። በአማርኛ አልገባው ሲል ወደ አካባቢያቸው ቋንቋ፣ ወደ አዊኛ ዞረች። በአዊኛ ሲሆን ቶሎ ያዘው፤ የአባቱን ማሳ አቀበት በጣቱ አየር ላይ ስሎ አስላላት። ትክክል ነበር። ዳንግላ ሲደርሱ ሁለቱም የተቀያየሙ መሆናቸውን ረስተው ነበር።

ልጁ ሽባባው ይባላል። አዲስ ቅዳም የራሱ የችግኝ ጣቢያ አለው። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አዲስ ወረቀት ጠቅልሎ ቆሞ አገኘችው።

«ሥዕሉን አልችልበትም» አለ። «ወረቀቱን ግን መተካት አያቅተኝም።»

ከዚያ በኋላ ዳንግላ ችግኝ የሚፈልግ ሰው በዛ። ቢያንስ ሽባባው እንደዚያ ይላል። ማክሰኞም መጣ፣ ዓርብም መጣ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እስከ ኪራይ ቤቷ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እሷ በዕለቱ ያልገባቸውን ተማሪዎች ትነግረዋለች፤ እሱ አንድ በአንድ ስማቸውን ያስታውሳል። አንዳንዴ ወሬያቸው ያልቃል። ያኔ እቴናት የጫማዋን ጫፍ ታያለች፤ እሱ ደግሞ እሷን ያያል፤ ማየቱን ስለምታውቅ ቀና አትልም።

አንድ ቅዳሜ ጥርባ አካባቢ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። ሽባባው ጠጠር እያነሣ ሐይቁ ውስጥ ወረወረ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ» አለች። «ግን ከፋሲካ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲዬ እመለሳለሁ። ሰኔ ላይ የመምህርነት ብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለብኝ። እሱን ሳላልፍ ሙሽራ አልሆንም። ቁርጤን ነው የምነግርህ።»

«እኔስ የወደድኩት ጭቃ ውስጥ ሆና የምታስተምረዋን ልጅ አይደለም እንዴ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን የያዘችው ያን ቀን ነው።

አቶ ውዱ ቤት ሦስት ሽማግሎች መጡ፤ መሪያቸው የሽባባው አጎት አቶ ትዕዛዙ ነበሩ። እቴናት እንደ ወጉ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። አቶ ትዕዛዙ ዘር ቆጥረው፣ መርቀው፣ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሠርጉ ከፋሲካ ማግስት ይሁን። ልጅቱም ወደዚያ ካቶሊክ ቤት አትመለስም። ማተቧን ፈትታለች የሚል ወሬ ደርሶናል። እዚሁ አንገቷን አይተን ብንሄድ ነገሩ ይለይለታል።»

እቴናት አባቷ እስኪመልሱ ጠበቀች። አቶ ውዱ አልመለሱም። ያኔ የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ወጣች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሟል።

«ግቢ አንቺ ልጅ!» አሉ እናቷ በሹክሹክታ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ አባቶቼ» አለች ጎንበስ ብላ። ቀና ስትል ግን ዓይኗ አልተሰበረም። «አንገቴን ልታዩ ነው የመጣችሁት?»

«ክፉ አታስቢብን ልጄ። ለማረጋገጥ ያህል ነው» አሉ አቶ ትዕዛዙ።

«የሚያስተምሩኝ ሲስተር ዮርዳኖስ የሚባሉ የካቶሊክ መነኩሲት ናቸው። የገባሁ ዕለት ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ? ‹የምትጾሚባቸውን ቀኖች ጻፊልኝና ለወጥ ቤት ልስጥ› ነው ያሉኝ። እዚያ ስቀመጥ አንድ ቀን አንገቴን የጠየቀኝ የለም። አገሬ ስገባ ግን ጥርሱ እንደሚታይ የገበያ በሬ ልመረመር? ማተቤን ያሰርኩት ለእግዜር ነው፤ እሱ ያየዋል። ይሄን ሻርፕ ለናንተ ብዬ አልፈታም። ትምህርቴንም አልተውም።»

አቶ ትዕዛዙ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ውዱ፣ ልጅህ ምላሷ ረዝሟል» ብለው ወጡ። አቶ ውዱ መሬት መሬት እያዩ ቀሩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እቴናት የሽባባውን ስልክ አላነሣችም። ክፍል ገብታ ታስተምራለች፤ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ታነባለች፤ አንዳንዴም መጽሐፉ ላይ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«እቴናት፣ እኔ ስለ ማተብ ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

«ሽማግሎቹ ያንተ አልነበሩም?»

«ሽማግሎቹ የኔ ናቸው፤ ጥያቄው የኔ አይደለም።»

«ጥያቄው ሲጠየቅ የት ነበርክ?»

«በወጉ መሠረት እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«በወጉ መሠረት እኔም ጓዳ ነበር የምቀረው» አለች። «እኔ ወጣሁ፤ አንተ ግን አልመጣህም።»

ትታው ሄደች። እሱም አልተከተላትም። በዚያው ሳምንት እሑድ ግን ያለ ሽማግሌ፣ ብቻውን፣ አቶ ውዱ ደጅ ላይ ቆመ።

«ምነው፣ ሰው የለህም?» አሉት አቶ ውዱ።

«ሰው አለኝ፣ ጋሼ። ባለፈው ልኬ እኔ ያላልኩትን ተናገሩልኝ። ስለዚህ የራሴን ራሴ ልናገር መጣሁ። እቴናትን ማግባት የምፈልገው አስተማሪ ሆና ነው። ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፍጅ፣ እጠብቃለሁ። አንገቷን አላይም፤ ማንም እንዲያይም አልልክም። እሷ እንቢ ካለችኝ ግን ይግባኝ የለኝም።»

አቶ ውዱ ዓይናቸውን ወደ ጓዳው መጋረጃ መለሱ። ከዚያ በቀስታ፣ «ያን ቀን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አሉና መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። «ተቀመጥ።»

ይህን ለእቴናት የነገሯት እናቷ ናቸው፤ በስልክ፣ እየሳቁ። እቴናት ስልኩን ዘግታ ወዲያው ለሽባባው ደወለች።

«ብቻህን ሄድክ?»

«ብቻዬን።»

«አልፈራህም?»

«ደጃችሁን ሦስቴ ዞሬ ነው የገባሁት።»

ሳቀች። እሱም የናፈቀውን ሳቅ እስክትጨርስ አዳመጠ።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ተመለሰች፤ ሰኔ ላይ ፈተናዋን አለፈች፤ መስከረም ላይ አዲስ ቅዳም የሒሳብ መምህርት ሆና ተቀጠረች። ሠርጋቸው ጥር ላይ ሆነ። አቶ ትዕዛዙ ከሠርጉ ድግስ አልቀምስም ብለው ምለው ነበር፤ መጥተውም አልቀመሱም።

በሠርጓ በአራተኛው ቀን ጠዋት እቴናት የመምህርነት ጋውኗን ለብሳ ብቅ ስትል፣ አማቷ እትዬ ፀጋነሽ በር ላይ ቆሙ።

«ምን ጉድ ነው! ሙሽራ በአራተኛ ቀኗ ደጅ ትወጣለች? ሰው ምን ይላል?»

«እትዬ፣ ልጆቹ ሰኞ ፈተና አለባቸው። ሰው ምን እንደሚል ደግሞ ፈተናው ላይ አይመጣም።»

«እማ፣ እኔ አደርሳታለሁ» አለ ሽባባው፤ ደብተሮቿን ተሸክሞ ቀድሟት ወጣ። በዋናው አስፋልት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጎን ለጎን ሄዱ። ባጃጆች ጥሩምባ ነፉላቸው። ያጉረመረመም አልጠፋ። እቴናት የማንንም ዓይን አልሸሸችም።

ረፋዱ ላይ አቶ ውዱ ሙሽሮቹን ለመልስ ሊጠሩ ከግምጃ ቤት መጡ። ሙሽራዋ ቤት የለችም። አማቷ አፍረው ነገሯቸው። አቶ ውዱ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ተጓዙ።

የክፍሉ በር ክፍት ነበር። ልጃቸው እንሶስላ በሞቀ እጇ ጠመኔ ይዛ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአዊኛ ታስረዳለች፤ ስልሳ ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። አቶ ውዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስታያቸው ደነገጠች፤ ተማሪው ሁሉ ብድግ አለ።

«መምህርት» አሉ አቶ ውዱ፣ «ትምህርት አቋረጥኩብዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። እስኪጨርሱ ውጪ እጠብቅዎታለሁ።»

አባቷ አንቱ ሲሏት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። እቴናት ጠመኔውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። በመስኮቱ በኩል አባቷ ሄደው ዛፍ ሥር ከሚጠብቃት ባሏ አጠገብ ሲቀመጡ አየች።

«ተቀመጡ» አለች ተማሪዎቿን። ወደ ሰሌዳው ዞረችና ካቆመችበት ቀጠለች።