በሩ ሲከፈት

«ምነው ሻዩ መረረኝ?» አሉ ሽማግሌው ነጋዴ። ከውጭ የሚመጣ ልጃቸውን እንደጠበቁ ኤርፖርቱ ወንበር ላይ ወደ ጎን ጋደል አሉ፤ በዚያው ቀሩ።

የኤርፖርቱ ሐኪም ኩባያውን አሸተተና «ይሄ ሻይ ብቻ አይደለም» አለ። ሻዩን ገዝቶ ያመጣው ሾፌራቸው ስለሆነ ፖሊሱ ብዙም አልተጨነቀም። ካቴናውን መዘዘ። ካቴና የመዘዘ ፖሊስ ደግሞ ባዶውን መመለስ አይወድም።

«ቆይ እስቲ ወንድሜ» አለች ከፊት ለፊት ወንበር አንዲት ሴት።

መርማሪ ናት። ወሬ እሷ ጋ ሲደርስ እንክርዳዱ ስለሚለይ የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ዛሬ ግን እረፍት ላይ ነበረች። ለዓመታት ያላየቻትን ልጇን ስትጠብቅ መቀመጥ አልሆነላት፣ መቆምም አልሆነላት፤ ጥፍሯን እየበላች ሰው ታያለች። ያየችው እነዚህኑ ቤተሰቦች ነው፦ ሽማግሌውን፣ ሚስታቸውን፣ አበባ ያቀፈውን የወንድማቸውን ልጅ፣ የእንግዳው ስም የተጻፈበት ካርቶን የያዘውን ሾፌር። በሩ በተከፈተ ቁጥር እንደ ዶሮ አንገታቸውን ሲያሰግጉ እሷም አብራቸው ታሰግግ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ካልተጣራ መንገደኛ አናስወጣም» አላት ፖሊሱ።

ልጇ ከዚያ በር ጀርባ ናት።

«እንግዲያው ቶሎ እናጣራዋ» አለች የመርማሪነት መታወቂያዋን እያሳየችው።

አንድ በአንድ ወደ ዳር ወሰደቻቸው። ሾፌሩ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጋሼን ገድዬ የገዛ ጉሮሮዬን ልዝጋ እንዴ?»

«በሩ መጨረሻ ሲከፈት ማን ወጣ?»

ሾፌሩ አፈረ። «ጋሪ ገፊው። ባዶ የሻንጣ ጋሪ ደርድሮ። እኔ ሞኙ ቸኩዬ ካርቶኔን አነሳሁለት። ‹እኔ በሆንኩ› ብሎኝ አለፈ።»

ሚስትየው እንባዋን ትጠርጋለች።

«ያ ጋሪ ገፊ ነዋ፤ ልክ እንደ በደለኝ ተናደድኩበት። እሳቸውም ሻያቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ተነስተው ነበር።»

«የልጁ መምጣት ከፍቶሽ ነበር?»

«አልወለድኩትም። ግን ይምጣና ሱቁን ይረከብ ብዬ የጎተጎትኩት እኔው ነኝ። ዛሬ ቁልፉን ሊሰጡት ነበር።»

«እስከዛሬ ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

በአገጯ ወደ ባለ አበባው ጠቆመች።

እሱ አበባውን ደረቱ ላይ አጥብቋል። «አጎቴ አባቴ ማለት ነው። ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም።»

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ማን ወጣ?»

«ሻንጣ የያዙ መንገደኞች።»

ወንፊት ሁሉንም አስከሬኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሰው የሚጠብቅ ሰው በሩ ሲከፈት አንገቱ የራሱ አይደለም» አለች። «እኔም ልጄ መስላኝ ዞሬ ነበር፤ ስለዚህ ኩባያው ላይ ያንዣበበችውን እጅ አላየሁም። ጋሪ ገፊውን ግን አይቼዋለሁ። ሁላችንም አይተን በሆዳችን ሰድበነዋል። መንገደኛማ ገና አንድም አልወጣም። ሁላችን ወደ በሩ ስንዞር ያንተ ዓይን የት ነበር?»

«ምናልባት ተሳስቼ ...»

«ሰውዬው ሲወድቁ እሷ ቦርሳዋን ጣለች፤ ሾፌሩ ካርቶኑን ጣለ። አንተ አበባህን እንደ ሕፃን አቅፈህ ቀረህ። እስቲ አቀብለኝ።»

ፖሊሱ ነጥቆ ፈታው። ከግንዶቹ መሃል ትንሽ ብልቃጥ ዱብ አለች። ካቴናውም ባለቤቱን አገኘ።

«ሱቁን ሰው ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለ የወንድም ልጅ ቀስ ብሎ። «እሱ ማነው?»

በሩ ተከፈተ።

ሁሉም ዞሩ፤ አሁን እሱም ዞረ። አንድ ወጣት ሻንጣውን እየጎተተ፣ በፈገግታ ሰዉን በዓይኑ እያሰሰ ወጣ። ሾፌሩ የወደቀውን ካርቶን አንስቶ ከፍ አደረገ።

«አባዬ የታሉ?» አለ ወጣቱ።

ከወጣቱ ኋላ የወንፊት ልጅ እጇን ታውለበልባለች። እናትየው «አንዴ ጠብቂኝ» ብላ መዳፏን አሳየቻትና መጀመሪያ ወደ ወጣቱ ሄደች።