በቦኖው በር የተነገረ ውሸት

እስከዳር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከሐርቡ ወጣ ብሎ፣ ከቦርከና ወንዝ በላይ ባለች መንደር ነው። እናቷ ወይዘሮ ገበያነሽ በመንደሩ ቦኖ ውሃ ያስቀዳሉ።

አንድ ጀሪካን ሁለት ብር ነው። ልጆች፣ ሁለት ብር ትንሽ ይመስላችሁ ይሆናል። በዚያ መንደር ግን ሁለት ብር ያጣ ሰው ወንዝ ይወርዳል። ድፍርሱን ውሃ የጠጣ ሕፃን ደግሞ ሆዱን ይታመማል።

በዚያው መንደር ጣይባ የምትባል ልጅ አለች፤ እናቷ ፋኢዛ ባሏ ከሞተ ወዲህ ታማ ተኝታለች። የውሃ ኮሚቴው ይህን አይቶ «የፋኢዛ ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን ያለ ክፍያ ይቅዳ» ብሎ ወሰነ።

ጣይባና እስከዳር አንድ ክፍል ናቸው። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ ጣይባ አንደኛ ወጣች፤ እስከዳር ሁለተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዳር ጣይባን ባየች ቁጥር ውስጧ ይቃጠል ነበር። ለማንም ግን አልተናገረችም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ወይዘሮ ገበያነሽ ቅዳሴ ሲሄዱ የቦኖውን ቁልፍ ለልጃቸው ሰጡ። ጣይባ ጀሪካኗን ይዛ መጣች።

«ሁለት ብር» አለች እስከዳር።

«እኛ እኮ አንከፍልም። ኮሚቴው ፈቅዶልናል።»

«ቀርቷል። ትናንት ተሰብስበው ሰርዘውታል።»

ውሸት ነበር። የተሰበሰበ ሰው አልነበረም።

ጣይባ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። «እናቴ መድኃኒት የምትውጥበት ውሃ የላትም» አለች። እስከዳር ፊቷን አዞረች። ጣይባ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ የወንዙን ቁልቁለት ያዘች።

ብዙም ሳይቆይ በደሴ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓድ ተሰማ። መንደሩ ላይ ጠብታ አልወረደም። ግን የዚያ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ደሴ ላይ ሲዘንብ ቦርከና ታች ይሞላል። እስከዳር ቁልቁለቱን አየች። ማንም አይወጣም። ደግማ አየች።

የጣይባ አጎት አቶ እንድሪስ መጡ።

«ልጄ፣ ጣይባን አይተሻታል? እናቷ ተጨንቃለች።»

«አላየኋትም» አለች።

እሳቸው ወደ ሌላ ቤት ሊጠይቁ ሄዱ። አያችሁ ልጆች፣ አንዱ ውሸት ሌላውን ጠራው። ያን ጊዜ ከታች የወንዙ ጩኸት መጣ። እስከዳር እግዚአብሔርን ልትለምን አፏን ከፈተች፤ ግን እውነቱን ሳትናገር መለመን አቃታት። እየሮጠች አቶ እንድሪስን ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ። ወንዝ ወርዳለች። ውሃ ከልክዬ የሰደድኳት እኔ ነኝ።»

አቶ እንድሪስ ቁልቁል ሮጡ። እስከዳርም ተከተለቻቸው።

ጎርፉ ግንድ እየገፋ ይወርድ ነበር። ቢጫው ጀሪካን ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቷል። ጣይባ የለችም። አጎቷ ስሟን ደጋግመው ጠሩ፤ የሚሰማ የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው። እስከዳር ዳሩን ተከትላ ስትሮጥ የሾላ ሥር የሙጥኝ ብላ የያዘች ልጅ አየች። ውሃው ወገቧ ደርሷል።

«እዚህ ናት፣ ጋሼ!»

አቶ እንድሪስ ጋቢያቸውን ወረወሩላትና ጎትተው አወጧት። «አልሃምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

እስከዳር ያደረገችውን ሁሉ ለእናቷ ነገረች። ወይዘሮ ገበያነሽ አንድ ጀሪካን አንስተው ሰጧት። ከዚያ «ውሃውን ቅጂና ራስሽ አድርሺ። ይቅርታውንም እዚያው ጠይቂ» አሏት።

ፋኢዛ ከመኝታዋ ቀና ብላ ሰማቻት። «ልጄን አላህ መልሶልኛል። ላንቺም ልብ ይስጥሽ» አለቻት። ጣይባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። እስከዳር በማግስቱም ውሃ ይዛ ሄደች፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ጣይባ በሩ ላይ ጠበቀቻትና የጀሪካኑን እጀታ አብራት ያዘች።

ልጆች፣ በእጃችን የተሰጠን አደራ የተቸገረውን ልንረዳበት እንጂ ቅናታችንን ልንወጣበት አይደለም።