አንድም ያልተባለለት ራእይ

በሆሣዕና ማለዳ የናርዳ ሐይቅ ደም መሰለ። ዘንባባ ይዘው ለዑደት የወጡት የአርዋን ሰዎች ከዳር ቆመው ሲያዩ፣ ውኃው ተሰንጥቆ ሰባት ራስ ያለው አውሬ ብቅ አለ፤ አንዴ አገሣና ተመልሶ ሰመጠ። ዘንባባውም ዝማሬውም ቀረ፤ ሁሉም ልጁን አንሥቶ ሮጠ።

ንጉሥ አርማስ የመንግሥቱ የመጀመሪያ መነኩሴ ስለ ዘመን ፍጻሜ ያዩትን የጻፉበትን ብራና አስወጡ። «ከውኃ ሰባት ራስ ያለው አውሬ ይወጣል፤ ከአፍ የሚወጣ ሰይፍም ይጥለዋል» ይላል። ሊቀ ራእይ ኤስድሮስ ጺማቸውን ዳሰስ አድርገው ተረጎሙት።

«ሰባቱ ራስ ከሐይቁ ማዶ ያሉት የቆርማ ሰባት ነገዶች ናቸው። ሰይፉም የጃንሆይ ሰይፍ ነው፤ ከአፍ ይወጣል መባሉ በአፋቸው ስለሚያዙት ነው።»

ንጉሡ ጦሩ ወደ ቆርማ እንዲሻገር አዘዙ፤ አደባባዩም በእልልታ ቀለጠ። የፈራ ሰው ከትርጓሜ ይልቅ ጠላት ቢሰጡት ይወዳል፤ ኤስድሮስ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ገበታ አቀረቡለት።

ከትርጓሜ ተማሪዎች መካከል ግን ቀጸላ የምትባል ወጣት ወደ ፊት ወጣች። ድምፅዋ ያማረ ነበር፤ እሷ ስታዜም ገበያተኛ ሸክሙን እንደያዘ ቆሞ ይሰማል። ታላቅ እኅቷ ትርሢት ቆርማ ተድራ ልጆች ወልዳለች። ጦሩ ከተሻገረ መጀመሪያ የሚያገኘው የእርሷን ቤት ነው።

«ጃንሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! በአገራችን ሕግ ‹አንድም› ተብሎ ሁለተኛ ፍቺ ሳይሰጥ በራእይ አይፈረድም። ለዚህ ራእይ ‹አንድም› አልተባለም።»

ንጉሡ ተቆጡ፤ ሕጉን ግን መካድ አልቻሉም። «ጀልባዎቹ ስንቅ እስኪጭኑ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ያኔ ካልደረስሽ፣ መስቀሉን! እሻገራለሁ» አሉ።

ፍቺውን ያውቃሉ የሚባሉት በግርማት ተራራ ዋሻ የመነኑት የኔታ ዘሚካ ብቻ ነበሩ። መንገዱን እሳት የሚተፉ እባቦች ይጠብቁታል። አንድ እግራቸውን የሚያነክሱት አሮጌው ወታደር ባሻ ደምለው ጋሻቸውን አንግበው ተከተሏት። «እባቡ ይምጣና ይዋጠኝ! ይኼ ደረቅ ጉልበቴ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ነው የሚገድለው» እያሉ ያስቋት ነበር። ጋሻቸው በእሳት ተቃጥሎ እጀታው ብቻ ሲቀር ግን ቀልዱን ተዉት፤ እሷን ከኋላቸው ከልለው፣ በእጀታው እባቦቹን እየመቱ ዋሻው ደረሱ።

የኔታ ነገሯን ሰምተው እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ ከአፍ የሚወጣ ሰይፍ እውነተኛ ቃል ነው። አውሬውን ግን ከሩቅ ሆነሽ አትተርጉሚው፤ ምን በልቶ እንደሚያድግ ቀርበሽ እዪ። ይህንንም እወቂ፤ ያን ሰይፍ የመዘዘ ሰው ዳግመኛ አይናገርም።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ» አሉ ባሻ። ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም።

ቀጸላ ፈራች። ከድምፅዋ በቀር ሀብት አልነበራትም። ቁልቁለቱን ስትወርድ የምታውቀውን ዜማ ሁሉ እያነሣች አዜመች፤ ባሻም ከኋላዋ እያነከሱ ሰሟት።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀልባዎቹ ሄደዋል። ባሻ አንዲት ታንኳ ስበው ቀዘፉ። መካከል ላይ ሲደርሱ ቀጸላ ያየችውን ማመን አቃታት። የቆርማም ጦር በጀልባ ወጥቷል፤ በሰንደቁም ላይ ሰባት ራስ ያለው አውሬ የአርዋንን ዘውድ ደፍቶ ተሥሏል። ያው ራእይ እዚያም ነበረ። እነርሱም የተረጎሙት በጎረቤታቸው ነው።

አውሬው በሁለቱ ጦር መካከል ወጣ። ንጉሥ አርማስ አንዱን ራስ በሰይፍ ቆረጡት፤ ወዲያው ሌላ በቀለ። ከዚህ «ውሾች!» ሲባል አንገቱ ይወፍራል፤ ከዚያ እርግማን ሲወረወር ጥርሱ ይረዝማል። ቀጸላ ቀርባ አየችው፤ ገባትም። በታንኳዋ ላይ ቆመች።

«የአርዋን ሰዎች! የቆርማ ሰዎች! እኛ አውሬው ቆርማ ነው አልን፤ እናንተም አርዋን ነው አላችሁ። አንድም፣ አውሬው የሁላችን ጥላቻ ነው! ሲቆረጥ ራስ የምናበቅልለት እኛው ነን። ሰይፋችሁን ጣሉ!»

ቃሉ ሐይቁን አቋርጦ ሄደ። ንጉሥ አርማስ በእጃቸው ያለውን ሰይፍ አዩ፤ አፍረው ውኃ ውስጥ ጣሉት። የቆርማው አለቃም ጦሩን ጣለ፤ ሌላውም ተከተለ። የአውሬው ራሶች አንድ በአንድ ረገፉ፤ ውኃውም ጠራ።

ከማዶ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ እየቀዘፈች መጣች። «ቀጸላዬ! ቀጸላዬ!» ትላለች። ቀጸላ የእኅቷን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ትርሢት ደጋግማ ጠራቻት፤ በኋላ እኅቷ መናገር እንደማትችል ገባትና አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። የምሥራቹን ለሁለቱም አገር የተናገሩት ባሻ ናቸው።

ዛሬ በአርዋን የትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ ራእይ አንብቦ የመጀመሪያውን ፍቺ ሲጨርስ ዝም ይላል። ተማሪው ሁሉ ፊት ለፊት ወደተቀመጠችው ሽበታም ሴት ይመለከታል። እሷም ፈገግ ብላ አንድ ጣቷን ታነሣለች።

ያኔ የአርዋንና የቆርማ ልጆች በአንድ ድምፅ «አንድም!» ይላሉ።