የብሪንሞር ድምፅ በኢቴል ጉሮሮ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ፲፱፻፴፯ ዓ.ም.፣ የካቲት በገባ በሳምንቱ፣ በኩም ኸሊግ ሸለቆ ዝናቡ አላባራ ብሎ ከርሞ ነበር፤ ከማዕድኑ ጉድጓድ እየወጣ የተቆለለው የከሰል ጥራጊ ከመንደሩ በላይ ተራራ አክሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ተጣብቀው የተሠሩት የቆፋሪዎች ቤቶችም ጭሳቸውን ወደ ላይ ቢልኩ ዝናቡ መልሶ ወደ ደጃፋቸው ያወርደዋል። ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ከካርዲፍ የመጣው ባቡር አንድ መንገደኛ ብቻ አወረደ፤ ካፖርቱም ጫማውም የለንደን ነበር፤ ፊቱ ግን የኛው ነው። ኢቴል ፕሮሰር ይባላል፤ በለንደን ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ነገሥታትን እየሆነ የሚጫወት፣ በሲኒማም ድምፁ ከባሕር ማዶ የተሰማ ተዋናይ ነው። እናቱ ልትሞት ነው ተብሎ ተጠርቶ መምጣቱ ነበር።

በእኛ ሸለቆ የአባት ስም ጥቂት ነው፤ ዴቪስ ብለህ ብትጣራ ግማሹ መንደር አቤት ይልሃል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በሥራው ወይም በነውሩ ይጠራል። በባቡር ጣቢያው ደጅ በፈረስ ጋሪው ላይ የሚጠብቀው ሽማግሌም ዊል ወተቱ ይባላል፤ ዕድሜ ልኩን ወተት ያዞረ ሰው ነው።

«ኢቴል ሹክሹክታ! እንኳን ደህና መጣህ» አለው ዊል ከጋሪው ሳይወርድ። «ወይስ አሁን ጌታዬ ነው የሚባለው? ከንጉሥ ጋር በጋሪ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፈረሷም ታፍራለች።»

«ኢቴል በቂ ነው፣ አጎቴ ዊል። እማዬ እንዴት ናት?»

ሽማግሌው ልጓሙን ለቀቀ። ፊቱን ወደ ዝናቡ መለሰ።

«አፈር ስሆን፣ እቤት ስትደርስ እንዲህ አትናገር» አለ።

«ምን አልኩ?»

«ያልከውን አይደለም፣ ልጄ። የተናገርክበትን ነው።»

ይህን የዊልን ድንጋጤ የሚያውቅ የሚያውቀው ነው፤ ለማያውቅ ግን ከሥሩ መናገር ይገባል። ኢቴል ብሪንሞር የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ብሪንሞር በሥራ ቀን ከሰል ይቆፍራል፤ በእሑድ ደግሞ በጸሎት ቤት ቆሞ መዝሙረ ዳዊት ያነባል፤ ሲያነብ ጣራው የሚነሣ ይመስላል። የጸሎት ቤቱ የሽማግሌዎች አለቃ ኤቤን ሪስ፣ ያ መላእክት ቢዘምሩለት እንኳ ስሕተት የማያጣላቸው ሰው፣ ብሪንሞር ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ኢቴል ግን ድምፀ ቀጭን ሆኖ ተፈጠረ፤ በየዓመቱ በሚደረገው የቅኔና የንባብ ውድድር ላይ በልጅነቱ ወጥቶ ቢያነብ፣ ዳኛው «እግዚአብሔር እንኳ ጆሮውን ማስጠጋት አለበት» ብሎ ሕዝቡን ስላሳቀበት ሹክሹክታ የሚለው ስም ተለጠፈበት። ብሪንሞር ማታ ማታ ወጥ ቤት እያስቆመ «ከሆድህ አውጣው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?» እያለ ያስተምረዋል፤ ሲሰለቸው ደግሞ የኢቴልን ቀጭን ድምፅ አስመስሎ ከጓሮ «እማዬ፣ ራበኝ» ይላል፤ እናታቸው ማርጌድም ተታላ «መጣሁ፣ ኢቴል» ስትል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ደስ የሚል ቤት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስክር።

በ፲፱፻፳፩ ዓ.ም. መኸር ላይ የጉድጓዱ ጣራ ወረደ። ብሪንሞርን ቆፍረው ሲያወጡት ለዓይን የሚሆን አልነበረምና ሣጥኑ ተቸንክሮ ወደ ቤቱ ገባ። በአገራችን ልማድ ሴት ወደ መቃብር አትወርድም፤ ወንዶች ሣጥኑን ተሸክመው እየዘመሩ ይሄዳሉ፤ ሴቶች መጋረጃ ጋርደው ቤት ይቀመጣሉ። ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እናት ልጇን ሳትቀብር ሐዘኗን የት ታስቀምጠው ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። ኢቴል ከቀብር ሲመለስ እናቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ፊቱን አየኸው?»

«ሣጥኑን ነው ያየሁት፣ እማዬ።»

«እንግዲያው የቀበራችሁት ሣጥን ነው» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረቃ በሚወጣበት ሰዓት፣ ቆፋሪ ሁሉ በምድጃው ፊት እንደሚታጠበው ልጇም እንዲታጠብ፣ ውሃ ታሞቅለት ጀመር፤ ጎረቤቱ ሁሉ አየ፤ ተዪ የሚላት ግን ጠፋ።

ኢቴል ወደዚያ ጉድጓድ አልወርድም አለ፤ ከአንድ ዘዋሪ የቴአትር ቡድን ጋርም ተነጋገረ። ኤቤን ሪስ ይህን በሰማ ጊዜ በጉባኤ ፊት ስሙን ከምእመናን ስም ሠረዘው፤ ቴአትር የሰይጣን ደጅ ነበርና። ማርጌድ በበኩሏ ሻንጣውን ሲያነሣ አይታ «አንዱን ጉድጓድ በላብኝ፤ አንተ ደግሞ በገዛ እግርህ ሲኦል ውረድ። በሬን እንዳትረግጥ!» አለችው። ተናግራ ሳትጨርስ ተጸጸተች፤ ነገር ግን የወጣ ቃል አይመለስም፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ለንደን ላይ ዓመታት አለፉ፤ ሥራው መድረክ ላይ ሻማ ይዞ መግባትና ደብዳቤ ሰጥቶ መውጣት ሆነ። የቴአትሩ አዘጋጅ «መልክህ መልካም ነው፤ ድምፅህ ግን ሦስተኛው የወንበር ረድፍ ላይ ይወድቃል» ይለዋል። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ንጉሡን የሚጫወተው ሰው ታሞ ቀረና ኢቴልን ቁም አሉት፤ ልጁ ለሞተበት ንጉሥ የተጻፈ የልቅሶ ቃል ነበር። ኢቴል በራሱ ድምፅ ጀመረ፤ ሳቁበት። ያኔ ከእፍረቱ ብዛት የወንድሙን ድምፅ ከወጥ ቤቱ ትዝታ አንሥቶ በጉሮሮው አስገባው። ሳቁ ቆመ፤ ወለል የምትጠርገው ሴት መጥረጊያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

እንጀራው በዚያ ድምፅ ተከፈተ። በመጀመሪያ ሲሻው ይለብሰዋል፣ ሲሻው ያወልቀዋል፤ እየዋለ እያደረ ግን ዳቦ ሲገዛም፣ ሲጣላም፣ በሕልሙ ሲቃዥም የሚወጣው የብሪንሞር ድምፅ ብቻ ሆነ። መድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር አንዳንዴ ከጀርባው ሌላ ሰው አብሮት የሚተነፍስ ይመስለዋል፤ ትርዒቱ ሲያበቃ ምራቁ የከሰል ትቢያ ትቢያ ይለዋል። ፈራ። ለማን ይንገር? ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ጋዜጣው ያወድሳል፤ ሲኒማም መናገር በጀመረ ጊዜ ያን ድምፅ ወስዶ በዓለም በተነው።

ፊልሙ በቆፋሪዎቹ አዳራሽ የታየ ዕለት ሰው ኢቴልን ለማየት ገባ፤ እንደ ተናገረ ግን ከብሪንሞር ጋር ይቆፍሩ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ቆባቸውን አወለቁ። እኅቱ ኬንወን እስኪያልቅ መቀመጥ አቃታትና ወጣች፤ ለእናቷም ትንፍሽ አላለች።

አሁን ይህችው ኬንወን በሩን ከፈተችለት።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

ድምፁን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያም ወደ ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችው። «ስማኝ። ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤ በጆሮዋ ነው የምታየው። ከሰኞ ጀምሮ ኢቴል፣ ኢቴል ነው የምትለው። ይቅር ብዬው ልሙት ነው የምትለው። ግባና አናግራት፤ ግን በራስህ ድምፅ።»

«ኬንወን፣ ሌላ የለኝም።»

«ፈልግ።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ፈለግሁ እኮ!»

«የት? ለንደን? እዚያ አልጣልከውማ» አለችውና ወደ ጓሮ ገፋችው።

ያ በመድረክ ላይ ሠራዊት የሚያዝዘው ሰው፣ በዝናብ ውስጥ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ቆሞ «እማዬ፣ እማዬ» ይል ጀመር፤ በጠራ ቁጥር የሚመልስለት የሞተው ወንድሙ ነበር። ከእናቱ አፍ ስሙን ሳይሰማ እንዳትሞትበት ፈርቶ፣ እንደ ረጠበ ገባ።

ማርጌድ በምድጃው አጠገብ በተዘረጋላት አልጋ ላይ አንሳ ተኝታለች።

«ማነው?»

«እማዬ…»

ፊቷ በራ። «ብሪንሞር! ምነው ዘገየህ፣ ልጄ? ውሃው እኮ ቀዘቀዘ።»

«እኔ ኢቴል ነኝ፣ እማዬ።»

ሳቅ ጀመራትና ሳል አቋረጣት። «ተው እንግዲህ። ሞኝህን ፈልግ! ዛሬማ ድምፁን እንኳ አላስመሰልከውም።»

ኢቴል ተንበረከከና እጇን ያዘ። እንባው ጉሮሮውን አንቆት ነበር፤ በዚያ ጥበት መካከል፣ ከየት እንደ ወጣ እሱም ሳያውቅ፣ ስንት ዓመት የጠፋው ያ ቀጭን ድምፅ ሹልክ ብሎ ወጣ። «እማዬ፣ ኢቴል ነኝ። እውነቴን ነው።»

«እ! አሁን አስመሰልከው፤ ቁርጥ እሱን» አለች ፈገግ ብላ፤ ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ግን አትቀልድበት። ሆደ ባሻ ነው እሱ። ክፉ ቃል ተናገርኩት፣ ብሪን። በሬን እንዳትረግጥ አልኩት፤ አንድ ቀን እንኳ ቆልፌበት አላውቅም። ስታገኘው ንገርልኝ። እናትህ ይቅር ብላሃለች፣ አንተም ይቅር በላት በልልኝ።»

ኢቴል ቀና ብሎ ኬንወንን አያት። እኅቱ በሩን ተደግፋ አፏን በእጇ ይዛለች። እናቱ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ልጅ፣ በእሷ ዘንድ፣ እጇን ይዟል፤ እኔ ኢቴል ነኝ ብሎ ቢያሳምናት፣ ያን ልጅ ዛሬ በገዛ እጁ ሁለተኛ መቅበሩ ነው፤ ዝም ካለ ደግሞ የመጣበትን ምሕረት ለሌላ ሰው መልእክት አድርጎ መቀበሉ ነው። ትንፋሹን ከሆዱ ሳበ፤ በብሪንሞር ሙሉ ድምፅም፣

«እነግረዋለሁ፣ እማዬ» አለ።

«እንዳትረሳ።»

«አልረሳም።»

«በል ዳዊትህን አንብብልኝ» አለች። በቃሉ አነበበላት፤ ጎረቤቶች ደጃፋቸው ላይ ወጥተው በዝናብ ቆመው ሰሙ፤ ማን እያነበበ እንደሆነ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ማርጌድ ፕሮሰር ዐረፈች።

ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው እየዘመሩ ወሰዷት፤ ኬንወን ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቀረች። በመቃብሩ አፍ ላይ ኤቤን ሪስ፣ ያ ስሙን የሠረዘው፣ አሁን በምርኩዝ የቆመ ሽማግሌ፣ በአዛውንት ትሕትና «ያለፈው አልፏል፣ ልጄ። መዝሙሩን አንብብልን» አለው። ኢቴል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ በጭቃው ላይ ተንበረከከና ወደ ጉድጓዱ ዝቅ ብሎ አንድ ቃል ተናገረ፤ በጣም ቀጭን ስለነበር ከአጠገቡ ከቆመው ከዊል ወተቱ በቀር የሰማው የለም።

«ነግሮኛል፣ እማዬ» ነበር ያለው።

ወንዶቹ ለንደን አኩርታዋለች እያሉ ተበተኑ፤ ጋዜጣም ታላቁ ድምፅ በእናቱ መቃብር ላይ ማንበብን ናቀ ብሎ ጻፈ። እሱ ግን ተመልሶ ሄዶ ነገሥታትን ተጫወተ፤ ፊልሞቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ የድምፁን ግርማ የሚያመሰግኑ መጻሕፍትም ተጽፈዋል፤ በአንዳቸውም ውስጥ ብሪንሞር የሚባል ስም የለም። ብዙ ዘመን ቆይቶ አንድ ጋዜጠኛ ስለዚያ ድምፅ ሊጠይቅ ኬንወን ዘንድ መጣ። እሷም ዊል ወተት እየቀዳላት የነገራትን ያን የመቃብሩን ቃል ነገረችውና «የኢቴል ድምፅ ያ ነበር፤ ቀጭን ነው፤ እኔ እወደው ነበር» አለችው። ጋዜጠኛው አሮጊቷ ጃጅታለች ብሎ አሰበ፤ አልጻፈውም።