ማዳም ሳጂዳ

«ይሄ ነው ተወለወለ የሚባለው?» አለች ሳጂዳ፤ ጣቷን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳልፋ አቧራውን ለእናቷ እያሳየች።

«ጠይብ ማዳም» አለች መድና። በአረብኛ እሺ ማለቷ ነው፤ ጎንበስ ብላ እንደገና መወልወል ጀመረች። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች።

«የምን ሳቅ ነው?»

«ጠይብ ማዳም» አለች መድና አሁንም፤ ያን ጊዜ ግን ሳቁ አመለጣት።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናቷን የምታዝበት ቤት ከሚሴ ውስጥ ቢፈለግ ከዚህ ሌላ አይገኝም። ሐሳቡ የጎረቤታቸው የዓዲላ ነው። ዓዲላ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት ያላት ሴት ናት። መድና ከዒድ በኋላ ለሥራ ወደ ሪያድ መሄዷ ቁርጥ ሲሆን «የጉዞ ሥልጠናው ላይ የተማርሽው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ነው፤ ማዳሟን ማን አስተማረሽ?» አለቻትና ይሄን መላ አመጣች። በየቀኑ ሳጂዳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማዳም ትሆናለች፤ መድና ደግሞ ሠራተኛ። ማሽኑንም ቢሆን መድና በደንብ አልጠገበችውም። ሥልጠናው ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር አስተማሪዋ «አሁን ልብሱ እየታጠበ ነው እንበል» ትላቸው ነበር። ፈተናውን ግን አልፋለች፤ ሲተኮስም ሲጸዳም እጇ ወርቅ ነው።

ሳጂዳ በጨዋታው ውስጥ የራሷ ሚስጥር ነበራት። እናቷ እንድትሄድ አትፈልግም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው መድና ናት፤ ሳምቡሳ እየጠበሰች። እሷ ከሄደች ሳጂዳና ታናሽ ወንድሟ ሚፍታህ ጨፋ ሮቢት፣ አክስታቸው ሶፍያ ጋ ሊኖሩ ነው። አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ሰፈር። ይሄ ሁሉ ይቻላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እናትን በስልክ ብቻ ማየት ግን ለሳጂዳ የሚቻል አልመሰላትም።

ይሄን በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ለሰብሪና ነገረቻት። የሰብሪና እናት ጅዳ ናት።

«አቦ አታካብጂ» አለች ሰብሪና፣ ሸንኮራዋን እየላጠች። «የኔ እናት ከሄደች ስንት ጊዜዋ ነው፤ ይኸው አለሁ።»

«አትናፍቅሽም ግን?»

ሰብሪና ሸንኮራውን አኘከች፣ መጠጠች፣ ተፋች። «ኢሞ ላይ ቆንጆ ናት» አለች። ከዚያ ሌላ ሸንኮራ ገመጠችና «እንዳትሄድ ከፈለግሽ አስመርሪያት። አንቺ አይደለሽ እንዴ ማዳሟ? የእውነት ማዳም ሁኚባት፤ ራሷ ትተወዋለች» አለች።

የዚያን ቀን ሳጂዳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ማዳም ሆነች። የተወለወለው ሊሾ ላይ የባልዲውን ውሃ ደፍታ «እንደገና» አለች። መድና እንደገና ወለወለች። ሳጂዳ የተጣጠፈውን ልብስ በታተነችው። መድና መልሳ አጣጠፈችው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሰንጥቆ የሚገባ ይመስላል፤ ላቡ በመድና ግንባር ይወርዳል፤ ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ የሚባል ነገር የለም።

«ሳጂ አበደች» አለ ሚፍታህ ከበሩ ላይ።

«ዛሬ ምሳ የለሽም» አለች ሳጂዳ።

«ጠይብ ማዳም።»

«ጀዋል» አለች ደግሞ እጇን ዘርግታ፤ ስልክሽን ማለቷ ነው። መድና ስልኳን አውጥታ ሰጠቻት።

«ቀለበቱንም።»

ቀለበቱን አባታቸው ነበር የገዛላት። መድና ለማውለቅ ትንሽ ታገለች፤ ጣቷን ሳሙና ቀብታ አወጣችውና በልጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ሳጂዳ ከዚህ በላይ ምን እንደምትጠይቅ ጠፋት። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። በአረብኛ ስለማታውቀው በአማርኛ አለችው። «ልጆችሽ ጋ አትደውዪም። ውልሽ እስኪያልቅ፣ አንድም ቀን።»

የመድና እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሚፍታህን አየችው። አሁን ትቆጣለች፣ አሁን ጨርቁን ወርውራ «በቃ አልሄድም» ትላለች ብላ ሳጂዳ ጠበቀች።

መድና አንገቷን ደፋች። «ጠይብ ማዳም» አለች።

«እማ፣ እሱንም ጠይብ ትያለሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ የኔ ገላ? የሰው ቤት ነው እኮ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባል የለ?»

ልታስፈራራ የተነሳችው ሳጂዳ ራሷ ፈራች። እናቷ በአማርኛ «እሺ»፣ በኦሮምኛ «ቶሌ»፣ አሁን ደግሞ በአረብኛ «ጠይብ» ትላለች፤ በአንዱም ቋንቋ እምቢ ስትል ተሰምታ አታውቅም። ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ሰፈሩ የሚታጠብ ዕቃ ሲከመርበት «መድናን ጥሯት» ይላል። ሳጂዳ እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄን ደግነት ብቻ አድርጋ ነበር የምታየው። አሁን እናቷ እዚያ ሩቅ አገር፣ ማንም በማያውቃት ቤት፣ ስልኳንም ቀለበቷንም ልጆቿንም «ጠይብ» እያለች ስታስረክብ ታያት። ስልኩንና ቀለበቱን መለሰችላትና ሮጣ ወጣች።

መናኸሪያው አጠገብ ረዳቶቹ «ሮቢት! ሮቢት!» እያሉ ይጣራሉ፤ ባጃጆች ይተላለፋሉ። ዓዲላ ማንጎ ትልጥ ነበር።

«ያ ሳጂዳ፣ ነጋያ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። «ማዳምን ዛሬ ምን እግር ጣላት?»

«እትዬ ዓዲላ፣ እኔ...» አለች ሳጂዳ፤ ከዚያ ሁሉን ዘረገፈችው። የሰብሪናን ምክር፣ የተደፋውን ውሃ፣ ስልኩን፣ ቀለበቱን፣ የመጨረሻዋን ጠይብ። ስትጨርስ እያለቀሰች ነበር።

ዓዲላ አልተቆጣቻትም። ቢላዋውን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስሚኝ እስቲ። እኔ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ያልከተትኩት አልነበረም። ‹ላ› የምትለዋን የእምቢታ ቃል ብቻ ነው ትቻት የሄድኩት። ማዳሜ ክፉ አልነበረችም ወላሂ። ግን እህቷ መጥታ ‹የኔንም ቤት አጽጂልኝ› አለች፤ ጠይብ አልኳት። አማቷም መጡ፤ ጠይብ። ለሦስት ቤት አንዲት ዓዲላ። አንድ ቀን ደረጃ ስወለውል ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ባልዲው እየተንኳኳ ወርዶ ሕንጻውን ሁሉ ቀሰቀሰው።»

ሳጂዳ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለእህትየዋ ‹ላ› አልኳት፤ እየሳቅኩ። ምንም አልመሰላት። እኛ እኮ ሰው እንዳይከፋው እምቢ ስንልም እንስቃለን። እዚህ እንግባባበታለን፤ እዚያ ግን ሳቁን አይተው እሺ ብላለች ነው የሚሉት። በማግስቱ ሳልስቅም፣ ሳልጮህም፣ ዓይኗን እያየሁ ‹ላ፤ የማዳምን ቤት ብቻ› አልኳት። ማዳሜ ራሷ ‹ልክ ናት› አለች።»

«ሁሉም ማዳሞች እንደዚያ ይላሉ?»

«ኧረ አይሉም። የሚብሱም አሉ። ለነሱ ደግሞ ሌላ መላ አለ። የኤጀንሲውንና የኤምባሲውን ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ ስልክ ሊወሰድ ይችላል። የውሉና የፓስፖርቷ ፎቶ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ደሞዟ በራሷ ስም ይግባ። ሲያማት ‹አመመኝ› ትበል፣ አትደብቅ። ይሄን ሁሉ ነግሬያት እሺ ብላኛለች።» ዓዲላ ትንፋሿን ረጅም አድርጋ ለቀቀች። «እሷ መቼ እሺ ሳትል ቀርታ ታውቃለች።»

ሳጂዳ የማንጎውን ልጣጭ በጣቷ ማጠፍ ጀመረች።

«እንዳትሄድ ከፈለግሽ ደግሞ ውሃ መድፋት አያስፈልግሽም» አለች ዓዲላ። «ዛሬ ቤት ገብተሽ ‹እማ አትሂጂ› በያት፤ ትቀራለች። ለማንም እምቢ የማትል ሴት ለልጇ ትላለች?»

ሳጂዳ ቀና አለች። ነገሩ እንዲህ ቀላል መሆኑን አስባው አታውቅም። «ልበላት እንዴ?»

«እሱን እኔ አላውቅልሽም፤ እናትሽ ናት። ብቻ መድናን ‹አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?› ብሎ የጠየቃት ሰው አላየሁም። ሂጂ አሁን፣ ይመሽብሻል።»

በመንገዷ ላይ ሳጂዳ እናቷ የምትፈልገውን ታውቀው እንደነበር ትዝ አላት። ባለፈው ክረምት ከሮቢት ሲመለሱ መድና ከመንገዱ ዳር ባዶ መሬት ላይ ቆማ በእንጨት ስትጭር ነበር። «እዚህ ጋ በር፣ እዚህ ጋ ያንቺና የሚፍታህ ክፍል፣ እዚህ ጋ የኔ መጥበሻ።» አከራይ የማይገባበት ቤት። እንደዚያ ደስ ብሏት ስታወራ ሳጂዳ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየቻትም። አትሂጂ ብትባል ይሄንንም በእሺ ትተወዋለች።

ቤት ስትደርስ መድና የሳምቡሳ ሊጥ እየዳመጠች ነበር። «አትሂጂ» የሚለው ቃል የልጇ ምላስ ጫፍ ላይ ነው። ሳጂዳ ዋጠችው።

«እማ፣ ከነገ ጀምሮ ሌላ ነገር ነው የምናጠናው።»

«ምን?»

«እምቢ ማለት።»

መድና መዳመጫዋን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ጥናቱ ከማሽኑም ከአረብኛውም በለጠ። «ላ በያ፤ ከልጅነትሽ የምታውቂያት ቃል ናት፤ ሸሃዳው የሚጀምረው በሷ ነው» አለቻት ሳጂዳ። መድና «ላ» ትልና «ይቅርታ ማዳም» ትጨምርበታለች። «ይቅርታ አይጨመርም» ስትባል «ላ፤ ከከፋሽ ግን እሠራዋለሁ» ትላለች። ሳትስቅ ያለችው እንደሆነ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ዓይኗ ቀና ካለ ትስቃለች። ሳጂዳ በስምንተኛ ክፍል ሒሳብ እንኳ እንደዚህ ተስፋ ቆርጣ አታውቅም።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ዑሙልኸይር መጣች። «መድና፣ ያን ትልቁን ድስት» አለች እንደ ልማዷ፣ እጇን ቀድማ ወደ ድስቱ ልካ።

መድና ሳጂዳን አየቻት። ከዚያ ዑሙልኸይርን አየቻት። «ዛሬ እፈልገዋለሁ እቴ» አለች። አልሳቀችም።

ዑሙልኸይር ትንሽ ግር አላት። «እሺ፣ ችግር የለም» ብላ ወጣች።

ሳጂዳ እናቷን ልታቅፍ ስትነሳ መድና «ሚፍታህ» ብላ ተጣራች። «ሩጥ፣ ድስቱን አድርስላት። ከፍቷት ይሆናል።»

ሳጂዳ ድስቱን ታቅፋ በር ላይ ቆመች። «ከፍቷት ከሆነ ነገ ይለቃታል።»

እስከ መግሪብ ድረስ መድና ቤቱ ውስጥ እየተንጎራደደች አንዴ በሩን፣ አንዴ ድስቱን ስታይ ቆየች። ከሶላት በኋላ ዑሙልኸይር በር ላይ ብቅ አለች፤ የልጇን አዲስ ጫማ ልታሳይ ነው የመጣችው። ተቀምጣ ሳምቡሳ በልታ፣ ስቃ አስቃ ሄደች።

«አልተቀየመችኝም» አለች መድና። በሕይወቷ እንደዚህ የገረማት ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። የረመዳን ጨረቃ ልትታይ ስትቃረብ የመድና «ላ» ጸጥ ያለና ቀጥ ያለ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጂዳ የማዳምነቷን ያህል ጨክና ቆመችና እጇን ዘረጋች።

«ጀዋል።»

«ላ ማዳም» አለች መድና። አረብኛዋ ይሰባበራል፤ ዓይኗ ግን ከሳጂዳ ዓይን አልተነቀለም። «ስልኩ የኔ ነው። ሥራዬን ስጨርስ ለልጆቼ እደውላለሁ።»

«አልኩሽ እኮ፣ አምጪ።»

«ላ።»

ሳጂዳ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ገባት። አሁን እናቷ እምቢ ማለት ችላለች። አሁን ብትጠየቅ የምትሰጠው መልስ የራሷ ነው። ሳጂዳ ወርዳ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እማ» አለች፤ በራሷ ድምፅ።

«ወዬ።»

«አትሂጂ።»

መድና ደነገጠች። አፏ እሺ ልትል ሲከፈት ሳጂዳ አየችው። ከዚያ ተዘጋ። መድና የልጇን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልሳቀችም፣ መሬትም አላየችም።

«አይሆንም፣ ሳጂዬ» አለች። «እሄዳለሁ። ስመለስ ቤታችን እንገባለን።»

ሳጂዳ የእናቷ ጭን ላይ ተደፍታ አለቀሰች። መድናም አለቀሰች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። ሕመሙ ሳጂዳ የፈራችውን ያህል ነበር። ፍርሃቱ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ይቺን ሴት ማንም እንዳሻው አያደርጋትም።

ቆይታ ተነስታ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ነገ ሲያምሽ የምትያቸውን ቃላት እናጠናለን» አለች። «አንዴ አሞሽ ደብቀሽን ታውቂያለሽ።»

«አንዴ ብቻ መስሎሻል?» አለች መድና።

ሳጂዳ እናቷን አተኩራ አየቻት።

«እንዲያውም ዛሬ እንጀምር» አለችና ማዳም ልትሆን ተነስታ ቆመች።