የስምንቱ ምድጃዎች ድንጋይ

በሰንዶራ አገር፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለች፣ በእንስራ ያለ ውሃ በረዶ ሆነ። ውሾች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጉለማ ተራራ አዙረው ዝም አሉ። ሽማግሌዎች የጥንቱን ትንቢት አስታወሱ፦ «የተራራው እሳት በደከመ ዘመን፣ ከሩብ ያነሰ የደረሰው ምድጃ ሕፃን አያሳድግም።»

በዚያ አገር ሙቀት ከተራራው እምብርት ይወርዳል እንጂ በእንጨት አይነድም። አከፋፈሉም ጫፉ ላይ በቆመ ጥቁር ድንጋይ ተቀርጿል። ድንጋዩን አንድ መስመር አግድም ይቆርጠዋል። ከመስመሩ በታች ያሉት ጭረቶች እሳቱ ስንት ቦታ እንደሚከፈል፣ ከላይ ያለው ደግሞ እያንዳንዱ ምድጃ ከዚያ ስንት እጅ እንደሚያገኝ ይናገራሉ። ከላይ አንድ፣ ከታች ስምንት፤ ለስምንቱ ነገዶች ምድጃዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ ነበር።

ከስምንቱ ነገዶች ሦስቱን ወረርሽኝ ጨርሷቸዋል። ከአራተኛው የተረፈችው ዘሚካ ብቻ ናት፤ እህቷ ሐሜላ አግብታ ወደ ባሏ ምድጃ ተሻግራለች። የሞቱትን ጭረት ግን ማንም አልፋቀም። ሰንዶራዎች ሙታናቸውን ያከብራሉ፤ ባዶውን ምድጃ ሳይቀር በየማለዳው ይጠርጉላቸዋል።

ንጉሡ አማካሪውን ኦርዳልን ልኮ ከላይ ሁለተኛ ጭረት አስቀረጸ። ሕዝቡ «ከአንድ ሁለት ይበልጣል!» ብሎ እልልታውን አቀለጠው። ላም አለኝ በሰማይ! ዘሚካ እጇን በሐሜላ ምድጃ ላይ ብትዘረጋ ሙቀቱ ያው የትናንቱ ነው። የእህቷ የሰባት ቀን ሕፃን ከንፈሩ ጠቁሯል።

ኦርዳልን ቤቱ ድረስ ሄዳ ያዘችው። ሽማግሌው አቀረቀረ።

«ከላይ አንዱን ሁለት ሳደርገው፣ ከታች ስምንቱ በገዛ ራሳቸው አሥራ ስድስት ሆኑ። ሁለት አሥራ ስድስተኛ ያው አንድ ስምንተኛ ነው፣ ልጄ። ደስታቸውን ማፍረስ አቃተኝ።»

«እንግዲያስ የታችኛውን መቀነስ ነዋ፣ አባቴ! ክፍሉ ሲያንስ ድርሻው ይሰፋል።»

«ሙታኑ ይፈቅዳሉ ብለሽ ነው?»

«በእናቴ አፅም እምላለሁ! ሕፃኑ ሳይሞቀው ከዚያ ተራራ አልወርድም!»

መሮና መዶሻ ይዘው ወጡ። በጉም ውስጥ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እሳት እንደሚሞቅ ሰው እጃቸውን ወደ ባዶው መሬት ዘርግተዋል። ትንፋሻቸው አይታይም። ዘሚካ ፈራች፤ ግን አልተመለሰችም። ኦርዳል ጎረቤቶቹ የነበሩትን እያወቀ ዓይኑን ሰበረ።

ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ ኦርዳል የጨመረውን የላይኛውን ጭረት ፋቀ። ከታች ያሉት አሥራ ስድስቱም ስምንት ሆኑ። ዘሚካ የአንዱን ባዶ ነገድ ጭረት ፋቀች፤ አንድ ሰባተኛ። በሸለቆው ያሉት ቤቶች ሞቅ ያለ ቀይ ብርሃን ተፉ። ሁለተኛውን ፋቀች፤ አንድ ስድስተኛ። ሦስተኛውን ስትፍቅ አንድ አምስተኛ ሆነ፣ በጉሙ ውስጥ ያሉትም አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ተራራው ጀርባ ሄዱ። ጥቂቶች ብቻ ቀሩ።

ከቀሩት መካከል አንዷ በዘሚካ እናት ድምፅ ተናገረች።

«ዘሚዬ፣ የኛን ተይልን። ብርድ ነው እዚህ።»

ዘሚካ አለቀሰች። ኦርዳል መዶሻዋን ያዘ።

«ይብቃ! ምድጃው የተፋቀ ሰው በየትኛውም እሳት አይሞቅም። አንቺ በሕይወት አለሽ!»

«አምስተኛ ከሩብ ያንሳል፣ አባቴ። ሕፃኑን አያሳድገውም።»

«ልጄ...»

«እማ፣ ይቅር በይኝ» አለችና መሮውን በገዛ ነገዷ ጭረት ላይ አሳረፈች።

አንድ አራተኛ። ተራራው እስከ ሥሩ ጮኸ። እናቷ ሳትሰናበታት ተነሥታ ሄደች።

ሲወርዱ አገሩ በሙሉ በደጅ ነበር። ንጉሡ ራሱ ከዙፋኑ ወርዶ ሰገደላት። ሐሜላ እየሳቀችና እያለቀሰች እህቷን ወደ ምድጃዋ ጎተተቻት፤ ከንፈሩ የቀላውን ልጅም አሳቀፈቻት። ዘሚካ እሳቱ ሥር ተቀመጠች። ነበልባሉን አየችው እንጂ አልተሰማትም። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ ጉንጯን ነካና፣ ከጉንጯ ቅዝቃዜ የተነሣ እጁን ሰብስቦ ማልቀስ ጀመረ።

ለእናቱ መለሰችው። ከዚያም ወጣች፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በሩን ከውጭ ገጥማ ዘጋችው።